የ«አባውት ታይም» ስንጥቅ ያለው ባሕር ዳርቻው ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ «አባውት ታይም» ስለተባለው የእንግሊዝ የፍቅር ኮሜዲ ሁለት አንባቢዎች በተቃራኒ ወገን ቆመው የጻፉትን ተከታትያለሁ። አንደኛው ወገን ፊልሙ ስለ ጊዜ ጉዞ ራሱ ያወጣውን ሕግ ራሱ ይጥሳል ይላል። ሌላው ደግሞ ይህ የአባትና የልጅ ፊልም ነው፤ ቁጭ ብሎ ሂሳብ እየሠሩ ማየት ደስታን መግደል ነው ባይ ነው። ፊልሙ ከወጣበት ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመልካች በየአገሩ በዚህ ጉዳይ ሲከራከር ኖሯል፤ እስካሁንም አልበረደም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ቦታ የሳቱት ስለመሰለኝ ነው። ፊልሙ ሕግ ይጥሳል፤ ይህ እውነት ነው። የሚጥሰው ግን ሰው ሁሉ በሚጠቅሳቸው ትዕይንቶች ላይ ሳይሆን ሰው ሁሉ በሚያለቅስበት ትዕይንት ላይ ነው። መጨረሻውን ጭምር ስለምናገር ፊልሙን ያላየ አንባቢ ካለ መጀመሪያ አይቶት ይመለስ።

ፊልሙን የጻፈውም ያዘጋጀውም ሪቻርድ ከርቲስ ነው፤ ርዝመቱ 123 ደቂቃ ነው። ዶምናል ግሊሰን ቲምን፣ ሬቸል ማክአዳምስ ሜሪን፣ ቢል ናይ የቲምን አባት ሆነው ይጫወታሉ። ታሪኩ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በሚገኝ የባሕር ዳር ቤት ይጀምርና ወደ ለንደን ይዘልቃል። ቲም 21 ዓመት ከሞላው በኋላ፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ድግስ ባለቀ ማግስት፣ አባቱ ለብቻው ጠርቶ የቤተሰቡን ምስጢር ይነግረዋል። የዚህ ቤተሰብ ወንዶች ወደ ኋላ መጓዝ ይችላሉ። ጨለማ ቦታ መግባት ነው፤ ቁም ሳጥንም ይበቃል። ሁለት እጅን ጨብጦ መሄድ የሚፈልጉትን ቅጽበት ማሰብ ብቻ ነው። የሚኬደው ግን ተጓዡ ራሱ ወደነበረበትና ወደሚያስታውሰው ጊዜ ነው። ያልኖሩበት ዘመን ሄዶ የዓለምን ታሪክ መቀየር የለም፤ ገና ያልመጣውን ጊዜ ማየትም የለም።

ይህ ሕግ ለጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው። ማሽን አያስፈልገውም፤ መብረቅም ጭስም የለበትም። ተዋናዩ ቁም ሳጥን ከፍቶ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሲከፈት ሌላ ቀን ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ሁለት ቲሞች አንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙም፤ ተጓዡ የሚገባው በዚያን ጊዜ በነበረው የራሱ አካል ውስጥ ስለሆነ። ብዙ የጊዜ ጉዞ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የድሮውን ሰው የት እናድርገው በሚለው ጥያቄ። ከርቲስ ጥያቄውን ገና ሳይነሳ ዘግቶታል።

በተደጋጋሚ የሚነሱትን ትንንሽ ክሶች ቶሎ ልለፋቸው። ኃይሉ የወንዶች ከሆነ እህቱ ኪት ካት እንዴት ሄደች? ኃይሉ የእሱ ነው፤ እሷ የተጓዘችው እጁን ይዛ ነው፤ ይህን የሚከለክል ሕግ አልተነገረም። ወደፊት መሄድ ካልተቻለ እንዴት ወደ ዛሬ ይመለሳል? የተነሳበት ቅጽበት አስቀድሞ የኖረው ስለሆነ ለእሱ ወደፊት አይደለም። አንዱ ክስ ግን ሚዛን ይደፋል። ቲም ወደ ኋላ ሄዶ አንድ ነገር ከቀየረ በኋላ አንዳንዴ ከዚያው ቀጥሎ ይኖራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወዲያው ወደ ተነሳበት ቀን ይመለሳል። መቼ የቱን እንደሚያደርግና የዘለላቸውን ቀናት ማን እንደኖረለት ፊልሙ አይነግረንም። ለታሪኩ በሚመቸው መንገድ ያልፈዋል። ጉድለት ነው፤ ታሪኩን ግን አይጥለውም።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚጠቅሰው የስልክ ቁጥር ጉዳይ እንሂድ። ቲምና ሜሪ የሚተዋወቁት ለንደን ውስጥ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በሚበላበት ምግብ ቤት ነው። ሳይተያዩ ሲጫወቱ ያመሻሉ፤ ውጭ ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ቁጥሯንም ትሰጠዋለች። ቤቱ ሲደርስ አብሮት የሚኖረው ፀሐፌ ተውኔት ሃሪ በንዴት ተቃጥሎ ይጠብቀዋል፤ የቲያትሩ የመጀመሪያ ምሽት ተዋናይ ቃሉን ስለረሳ ተበላሽቷል። ቲም ቁም ሳጥን ገብቶ ምሽቱን ይደግመዋል፤ ቲያትሩንም ያድነዋል። ግን ያንን ምሽት በቲያትር ቤት አሳለፈው ማለት ምግብ ቤት አልሄደም ማለት ነው። ስልኩን ሲከፍት ቁጥሩ የለም። ከዚያ በኋላ ሜሪ የኬት ሞስ አድናቂ መሆኗን ብቻ ይዞ የሞዴሏ ፎቶግራፎች በሚታዩበት ዐውደ ርዕይ ቀን በቀን ሲጠብቃት ይሰነብታል። ስትመጣም ሩፐርት የሚባል ወዳጅ ይዛለች።

ተከራካሪዎች የሚሉት ይህ ነው፦ ለምን እንደገና ተመልሶ ቲያትሩን ትቶ ወደ ምግብ ቤቱ አልሄደም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በድርሰት ሥራ ሁለት ዓይነት ቀዳዳ አለ። አንዱ የሕግ ነው፤ ታሪኩ አይቻልም ያለውን ሲያደርግ፣ ይቻላል ያለውን ሲከለክል። ሌላው የምክንያት ነው፤ ሰውዬው የሚችለውን ነገር ለምን እንዳላደረገ ሳይነገረን ሲቀር። የስልክ ቁጥሩ ነገር የሁለተኛው ዓይነት ነው። ቲም ወደ ምግብ ቤቱ ከተመለሰ የሃሪ ቲያትር ዳግም ይፈርሳል፤ ያንን ላለማድረግ የመረጠ ሰው እንደሆነ ከጠባዩ እንረዳለን። ጉድለቱ ቃሉ አለመነገሩ ነው። ሃሪ በደስታ ሲፎክር ቲም ስልኩን እያየ ዝም ብሎ፣ ከዚያ «ይሁን፣ ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ» ቢል ክርክሩ በሙሉ ባልተነሳ ነበር። የምክንያት ቀዳዳ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደፈናል። የሕግ ቀዳዳ ግን እንዲህ በቀላሉ አይደፈንም።

ቀጥሎ ያለው የቲምና የሜሪ የመጀመሪያ ልጅ የፖዚ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ እደግፈዋለሁ። ኪት ካት ጂሚ ከሚባል ሰው ጋር ባላት የማይረባ ግንኙነት ተጎሳቁላ፣ በፖዚ የመጀመሪያ ልደት ቀን የመኪና አደጋ ይደርስባታል። ቲም እህቱን ይዞ ወደዚያ የአዲስ ዓመት ድግስ ይሄድና ከጂሚ ጋር እንዳትተዋወቅ ያደርጋል። ኪት ካት ዳነች። ቤቱ ሲመለስ ግን አልጋው ላይ ያለው ልጅ ፖዚ አይደለችም፤ ወንድ ልጅ ነው። አባቱ ነገሩን ያስረዳዋል፦ አንድ ልጅ የሚፀነሰው በአንድ የተወሰነ ቅጽበት፣ በአንዲት የተወሰነች የዘር ህዋስ ነው። ከዚያ በፊት ሄደህ አንዳች ነገር ከነካህ ያ ቅጽበት አይደገምም፤ የሚመጣው ሌላ ልጅ ነው። ቲም ጉዞውን ይሽራል፣ ፖዚ ትመለሳለች፣ ኪት ካትም ከነጉዳቷ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ የምትድነው ወንድሟና ሜሪ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ተቀምጠው ራሷ ሕይወቷን እንድታስተካክል ስለለመኗት ነው።

ፊልሙ ውስጥ እውነተኛ ዋጋ የሚጠየቅበት የመጀመሪያው ቦታ ይህ ነው። እስከዚያ ድረስ ቲም ያጠፋውን ሁሉ በነጻ አርሟል። «ጉዞው ሲሻር ያቺው ፖዚ እንዴት ተመለሰች?» የሚሉ አሉ። መሻር ማለት ጉዞው እንዳልተደረገ መሆን ነው ብሎ የሚቀበል ተመልካች ምንም አይጎድልበትም። ፊልሙም ከዚህ ጋር የሚጋጭ ነገር እስከዚያ አላሳየም።

የሚጋጭ ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የቲም አባት በሳንባ ካንሰር ይታመማል። ማጨስ ወደጀመረበት ዘመን ሄዶ ማቆም አይችልም፤ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ስለተወለዱ። ይህ ከፖዚ ሕግ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ የሚያሳምመውም ስለሚገጥም ነው። አባት ይሞታል። ቲም ግን ቁም ሳጥን እየገባ ሊጠይቀው ይሄዳል፤ ሁለተኛው ልጅ ከመጣ በኋላ ወዳሉት ቀናት እስከሄደ ድረስ የሚጠፋበት የለም። ከዚያ ሜሪ ሦስተኛ ልጅ እንፈልግ ትላለች። ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ አባት የነበረበት ዘመን በሙሉ ከልጁ በስተኋላ ይቀራል፤ በሩ ይዘጋል። ልጁ ሊወለድ ሲቃረብ ቲም ለመጨረሻ ጊዜ ይሄዳል። የጠረጴዛ ቴኒስ ይጫወታሉ፤ አባትየው ነገሩ ይገባዋል። ከዚያ ሁለቱ አብረው ቲም ትንሽ ልጅ ወደነበረበት ቀን ይሄዳሉ፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ይራመዳሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይመለሳሉ።

እስቲ ይህን በሕጉ እንመዝነው። ቲም ልጅ የነበረበት ቀን ፖዚ ከመፀነሷ በፊት ነው፤ ከወንድሟም በፊት፣ ከሦስተኛውም በፊት። ሁለቱ ወደዚያ ሄዱ፣ ምንም ነገር አልቀየሩም፣ ተመለሱ፤ ልጆቹም በቦታቸው አሉ። እንግዲያው ክልክሉ መሄድ ሳይሆን መቀየር ነው ማለት ነው። ክልክሉ መቀየር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ልጅ ከተወለደ በኋላም ቲም ወደ አባቱ የንባብ ክፍል ሄዶ፣ ለአንድ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ምንም ሳይነካ መመለስ ይችላል። የሚያስገድድ ስንብት የለም። በተቃራኒው መሄዱ ራሱ አደጋ ከሆነ ደግሞ አባትና ልጅ ለአንድ ደስ የሚል የእግር መንገድ ሲሉ ሦስት ሕፃናትን አስይዘው ቆመሩ ማለት ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ያንን አያደርጉም። ባሕር ዳርቻውና ስንብቱ በአንድ ሕግ ሥር አብረው አያድሩም። ይህ እውነተኛው የሕግ ቀዳዳ ነው፤ የተቀመጠውም ፊልሙ ውስጥ ካሉት ትዕይንቶች ሁሉ ባማረው ላይ ነው።

እዚያው አጠገብ ሌላ አነስ ያለ ስሕተት አለ። አባትየው ስለ ዘር ህዋሷ የተናገረው ትክክል ከሆነ ድንበሩ የፅንሱ ቀን ነው፣ የልደቱ ቀን አይደለም። ፊልሙ ግን የመጨረሻውን ጉብኝት ከወሊዱ ጋር ያያይዘዋል። ሜሪ ካረገዘች በኋላ የተደረገ እያንዳንዱ ጉዞ ድንበሩን ያለፈ ነበር። ጸሐፊው ዘጠኙን ወር የፈለገው ለስንብቱ ጊዜ ለመስጠት ነው፤ ፍላጎቱ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን አይፈቅድለትም።

ተመልካቹ ለምን አያስተውለውም? አዘጋጁ ባሕር ዳርቻውን ከስንብቱ ጋር ስላጣበቀው ነው። በመካከላቸው ንግግር የለም፣ ጥያቄ የሚያነሳ ሦስተኛ ሰው የለም። ቢል ናይ ጨዋታውን ማሸነፉን ትቶ የልጁን ፊት ማንበብ ሲጀምር የተመልካቹም ሐሳብ ከሕጉ ይወጣል። ጥበቡን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ ጥበብ ጉድለትን ሸፈነው ማለት አስተካከለው ማለት አይደለም፤ በሁለተኛው ዕይታ ላይ ይገለጣል፤ ይህ ፊልም ደግሞ ሰዎች ደጋግመው የሚያዩት ነው።

ማስተካከያው ከባድ አልነበረም። አንዳንዶች ባሕር ዳርቻውን ከእርግዝናው በፊት ማምጣት ይበቃል ይላሉ፤ አይበቃም፤ ሁለቱ ልጆች ቀድመው ተወልደዋልና ተመሳሳይ ችግር አለ። የሚያስፈልገው ንግግር ነው፤ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ፣ ከመሄዳቸው በፊት። አባትየው «ምንም ሳንነካ ከተመለስን ልጆቹ ይኖራሉ፤ እኔ ግን በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደፈርኩት» ይላል። ቲም «ለምን አንድ ጊዜ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሰው ደጋግሞ ሄዶ ምንም ሳይነካ አይመለስማ፣ ልጄ።» በዚህ ብቻ ሁለቱም ትዕይንቶች ይድናሉ። መሄድ ይቻላል፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ግን ልጅ የማጣት ዕድል አለ፤ ስለዚህ ቲም የሚሰናበተው በሩ ስለተዘጋ ሳይሆን ራሱ ሊዘጋው ስለመረጠ ይሆናል። የእግር መንገዱም የበለጠ ይከብዳል፤ ተመልካቹ ትንሹ ልጅ የሚረግጣትን እያንዳንዷን ድንጋይ በስጋት ያያታልና።

ስለ ሜሪ የሚነሳው ቅሬታ ከዚህ ሁሉ ይበልጥብኛል። ቲም የመጀመሪያ ሌሊታቸውን ሦስት ጊዜ ይደግመዋል፤ እሷ የምታውቀው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሩፐርትን ወደተዋወቀችበት ድግስ ቀድሞ ይደርስና ራሷ ስለ ኬት ሞስ የነገረችውን አስተያየት መልሶ ለራሷ ይነግራታል፤ እሷም እንዴት እንደተግባቡ ትደነቃለች። ትዕይንቱ ያስቃል። ብዙ ሴት ተመልካቾች ግን እዚህ ላይ ፊታቸው ይቀየራል፤ እኔ ሐቅ አላቸው እላለሁ። በፍቅር ኮሜዲ አንደኛው ወገን ምስጢር ከያዘ፣ ምስጢሩ ሳይወጣ ፊልሙ አያልቅም፤ የዚህ ዓይነት ታሪክ ከተመልካቹ ጋር ያለው የቆየ ውል ነው። «አባውት ታይም» ውሉን አይፈጽምም። ሜሪ ሦስት ልጅ ወልዳም አታውቅም።

ፊልሙ ጉዳዩን ጨርሶ አላሰበበትም ማለት ግን አይቻልም። በመጀመሪያው ክረምት ቲም ሻርለት የምትባል እንግዳ ይወዳል። በመጨረሻዋ ሌሊት ሲጠይቃት ቀደም ብለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ ትለዋለች። ተመልሶ ቀደም ብሎ ሲጠይቃት ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ሌሊት እንቆይ ትለዋለች። በዚህም በጊዜ መጓዝ ሰውን ሊያስወድድ እንደማይችል ይማራል። ሠርጉም አለ። ዝናቡ ወርዶ፣ ነፋሱ ድንኳኑን ገልብጦ፣ እንግዳው ሁሉ በስብሶ ሳለ ቲም ቀኑ ቢቀየር ትወጂ ነበር ወይ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃታል፤ ሜሪ በምንም አልቀይረውም ትላለች። ልብ በሉ፤ ቲም እያንዳንዱን ቀን ሳይደግሙ እንዳለ መኖር እንደሚሻል የሚደርስበት በፊልሙ መጨረሻ፣ አባቱን ካጣ በኋላ ነው። ሜሪ ምንም ኃይል ሳይኖራት በሠርጓ ቀን ታውቀው ነበር። ለሜሪ ሚና ከሚቀርቡት መከላከያዎች ጠንካራው ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ፊልሙ ራሱ ይህንን ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። አንድ ትዕይንት፣ ቲም «አንቺ ግን ከመጀመሪያው ታውቂው ነበር» የሚልበት፣ ፊልሙ ለእሷ ያለበትን ዕዳ ባይከፍልለትም ያቀልለት ነበር። በነገራችን ላይ ማክአዳምስ በ2009 እና በ2011 በወጡ ሌሎች ሁለት የጊዜ ጉዞ ፊልሞችም ተጫውታለች፤ በሦስቱም የሚጓዘው ወንዱ ነው፣ እሷ ቀሪ ናት።

የአስተያየቱ መከፋፈል ሌላም ምንጭ አለው፤ የፊልሙ ማስታወቂያ። ፖስተሩ ላይ ያለችው ሜሪ ናት፤ ቀይ የሠርግ ቀሚስ ለብሳ ዝናብ ውስጥ ትስቃለች። ትኬት የገዛው ሰው የሁለት ፍቅረኞችን ታሪክ ብሎ ይገባል። ቲምና ሜሪ ግን ከአጋማሹ በኋላ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ችግር የሌለባቸው ባልና ሚስት ይሆናሉ፤ የፊልሙ ክብደት ወደ አባትየው ይዞራል። የፍቅር ታሪክ የጠበቀው ሰው በመሐል ተተወ፤ አባቱን የሚያስብ ሰው ደግሞ ያልጠበቀውን አገኘ። የገበያው ቁጥርም የተከፋፈለ ነው። ፊልሙ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 87 ሚሊዮን ገደማ አስገብቷል። ከዚህ ውስጥ አሜሪካ ያዋጣችው 15 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲኒማ ገብቶ አይቶታል፤ ከዚያች አገር የተገኘው ገቢ ከአሜሪካው በልጧል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ለክርክር ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ የፍቅር ኮሜዲ የሲኒማው ዋና እንጀራ ነው፤ በቁም ሳጥንና በጨለማ የሚሠራ የጊዜ ጉዞ ደግሞ በአነስተኛ በጀት ሊሠራ የሚችል ታሪክ ነው። ሊሞክሩት ለሚያስቡ ጸሐፊዎችና አዘጋጆች ጥቂት ነገር ልበል።

ንግግር ከመጻፉ በፊት ሕጉ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይስፈር። ማን ይጓዛል፣ ወደየት ድረስ፣ የድሮው አካል ምን ይሆናል፣ ጉዞውን ማን ያስታውሳል፣ ጉዞ እንዴት ይሻራል፣ ዋጋው ምንድን ነው። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለ ጽሑፉ አይጀመር፤ ዋጋ የሌለው ኃይል ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልካቹን ያሰለቸዋል። ከዚያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። አንደኛው ዓምድ ትዕይንቱ በፊልሙ ውስጥ ያለው ተራ፣ ሁለተኛው በቀን መቁጠሪያ ያለው ቀን፣ ሦስተኛው በዚያ ትዕይንት እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚያውቀው ነገር። ስሕተት ሁሉ የሚገባው በሦስተኛው ዓምድ በኩል ነው። የተሻረ ቀን ላይ የሰማችውን ቀልድ ልጅቷ በሚቀጥለው ትዕይንት ታስታውሰዋለች፤ ተዋናይዋም አዘጋጁም ያንን ትዕይንት ቀርጸውት ስለነበር አይታያቸውም።

ቀረጻ ላይ የሚደጋገመው ትዕይንት በሙሉ፣ የመጀመሪያውም ሦስተኛውም፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት ብርሃን ይቀረጽ። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ቅጽበቱ አንድ ነው ያልነው ነገር ሁለት መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ መስኮቱ በጨርቅ ተሸፍኖ በመብራት ቢሠራ ይመረጣል። የተዋናዮች መቆሚያ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፤ የካሜራው ቁመትና ርቀት በሜትር ተለክቶ ይጻፍ። ቡና የሚፈስበትና የማይፈስበት ሁለት ቅጂ ካለ የማይፈስበት መጀመሪያ ይቀረጽ፤ ካልሆነ ሁለት አንድ ዓይነት ሸሚዝ መግዛት ግድ ነው። እያንዳንዱ ቀረጻ ሲያልቅ ጠረጴዛው በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ብርጭቆው ውስጥ ያለው መጠን፣ የሻማው ቁመት፣ ሲኒው የዞረበት አቅጣጫ ሁሉ ከዚያ ይነበባል። የክፍሉ ባዶ ድምፅ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ይቀዳ። አዲስ አበባ ውስጥ በመጀመሪያው ቀረጻ የሚሰማው የታክሲ ረዳት ጥሪ በሦስተኛው ላይ አይገኝም፤ ድምፁ ካልተስተካከለ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ሌላ ቀን ነው ብሎ ያስባል። በተቃራኒው ሆን ተብሎ የሚደገም አንድ ድምፅ፣ ለምሳሌ የምትወድቅ ማንኪያ፣ ያው ቅጽበት መሆኑን ካለ ምንም ማብራሪያ ያስረዳል።

የግድግዳ ሰዓትና የስልክ ሰዓትም ይታሰብበት። ገጸ ባሕርዩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ብሎ ስልኩ 00:00 ቢያሳይ ለእኛ ተመልካች ልክ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሄድ አስቀድሞ ተወስኖ እስከ መጨረሻው መጽናት አለበት።

በኤዲቲንግ ወቅት የመጀመሪያው ቅጂ ሙሉውን ይታይ፤ ሁለተኛው ወደ ሲሶው ይጠር፤ ሦስተኛው ከተቀየረው ቃል ይጀምር። ሁለተኛውን ሙሉ ማሳየት ሳቁን ይገድለዋል። ተዋናዩም ይህንን አውቆ መጫወት አለበት፤ የሚያስታውሰው ሰው መልሱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀድሞ ፊቱ ላይ ይታይበታል፣ የማያስታውሰው አይታይበትም። ቀረጻ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ጽሑፉ ታሪኩን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ይሰጥና አንብቦ ሲጨርስ ክስተቶቹን በወረቀት ላይ በቀን ቅደም ተከተል እንዲያሰፍር ይጠየቅ። እስክሪብቶው የቆመበት ቦታ ላይ የጎደለ ንግግር አለ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የፊልም ጽሑፍ አርታኢ፣ አዲስ አበባ